የግማሽ ራስ ሥራ

ነርሷ መጀመሪያ የሚዘጉት መጋረጃውን ነው። ቀጥለው ጓንት ያጠልቃሉ፤ ከዚያ ከቁም ሳጥኑ ውስጥ ከአውራ ጣት ብዙም የማትበልጥ ቡናማ ጠርሙስ ያወጣሉ። የአክስቴ ልጅ ሻሿን ፈትታ፣ አጣጥፋ ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ራሷ ላይ አንድም ጸጉር የለም፤ ቅንድቧም ሳስቷል። ነገሩ ሲጀምር ከማጅራቷ ከፍ ብሎ የአንድ ብር ሳንቲም የምታህል ልሙጥ ክብ ታየች። ቀጥሎ ሌላ፣ ከጆሮዋ በላይ። በስድስት ወር ውስጥ ክቦቹ ተገናኝተው ራሷ እንዳለ ተራቆተ። በአገራችን ላሽ የምንለው ነው።

ክሊኒኩ ያለው ጀርመን አገር ነው። እኔ ለሌላ ጉዳይ ሄጄ ሐሙስ ሐሙስ እሷን ማጀብ ልማድ ሆነብኝ። ላስተረጉምላት ነው እንዳልል ጀርመንኛዋ ከእኔ በብዙ ይሻላል። እውነቱን ለመናገር የምሄደው የነርሷን እጅ ለማየት ነበር። ሽሮ ሜዳ ሸማኔ አጠገብ ቆሞ ታክሲ የሚያመልጠው ዓይነት ሰው ነኝ፤ ሥራውን የሚያውቅ እጅ ካየሁ እግሬ አይነሣም።

ነርሷ ጡረታቸው የተቃረበ ሴት ናቸው። በጣታቸው ጫፍ ቫዝሊን ይወስዱና በግንባሯ ጠርዝ፣ በጆሮዋ ዙሪያና በማጅራቷ ላይ ስስ ድንበር ያበጃሉ፤ ፈሳሹ ወርዶ ወደ ዓይን ወይም ወደ አንገት እንዳያልፍ ነው። ከዚያ ፊት ለፊቷ ቆመው አፍንጫዋን ይመለከቱና፣ ከዚያ ተነሥተው በአናቷ በኩል እስከ ማጅራቷ ድረስ በጣታቸው አንድ መስመር በአየር ላይ ይስባሉ። ሹሩባ ሠሪ በሚዶ ጫፍ ጸጉር ስትከፍል ያየ ሰው ያን እንቅስቃሴ ያውቀዋል። ልዩነቱ፣ ሹሩባ ሠሪዋ የምትከፍለው ጸጉር አላት። እኚህ ሴት ምንም ምልክት በሌለበት ልሙጥ ቆዳ ላይ በየሳምንቱ ያንኑ መስመር ያገኙታል።

ጥጥ የተጠቀለለበት ረጅም እንጨት ጠርሙሱ ውስጥ ይነክራሉ። ሲያወጡት ጥጡን ከጠርሙሱ አፍ ጋር ጫን አድርገው አንዴ ያዞሩታል፤ ጠብታ ይዞ መውጣት የለበትም። ከዚያ ከግንባር ወደ ኋላ፣ ጎን ለጎን፣ አንዱን ፈር በሌላው ላይ ሳይደርቡ ይቀባሉ። ፈሳሹ ዓይናችሁ እያየ ይደርቃል፤ የሟሟው የጥፍር ቀለም በሚለቀቅበት በአሴቶን ነውና። እሱ ሲደርቅ ሁለተኛ ዙር ይጀምራሉ፤ አሁን ግን ከመሐል ወደ ጆሮ፣ በአግድም። ድርና ማግ ነው። የመጀመሪያው ዙር የዘለለውን ሁለተኛው ያገኘዋል። እንጨቱ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ይጣላል፣ ጓንቱ ውስጡ ወደ ውጭ ተገልብጦ ይወልቃል፣ ጠርሙሱ ወዲያው ይከደናል። ሁሉም ነገር አምስት ደቂቃ አይሞላም። ሲያበቃ የቀኙ የራሷ ግማሽ ተቀብቷል፤ የግራው አልተነካም።

«ግማሽ ሰው አደረጉኝ እኮ» ትላለች የአክስቴ ልጅ ሻሿን እያሰረች። ለሁለት ቀን ራሷን ፀሐይ እንዳይነካው ሸፍና ትቆይና ታጥበዋለች።

ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ዲፌንሲፕሮን ይባላል። መድኃኒት እንበለው እንጂ ሥራው እኛ ከመድኃኒት የምንጠብቀው ዓይነት አይደለም። ተውሳክ አይገድልም፣ ቁስል አያደርቅም፣ የጸጉር ሥር አይመግብም። የሚሠራው አንድ ነገር ነው፤ ቆዳን ያስቆጣል። የአንድን ሰው ሰውነት ሆን ብለው ከዚህ ኬሚካል ጋር ያጣሉታል፤ ጠቡ ከጸና በኋላ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እየቀቡ ችፌ ያስነሣሉ። ሐኪሙ የሚፈልገው ራሱን ችፌውን ነው። መቅላት፣ ማሳከክ፣ ትንሽ መፈርፈር፣ ለአንድ ቀን ተኩል ወይም ለሁለት ቀን። ከዚያ ካነሰ ሥራ አልተሠራም። ውኃ ከቋጠረ ደግሞ አልፏል። ሙያው ያለው በእነዚህ ሁለቱ መካከል ባለችው ጠባብ መንገድ ላይ ነው፤ እኔን ሐሙስ ሐሙስ የሚያስነሣኝም እሷው ነበረች።

ጠቡ የሚጀመረው በአንድ ቀን ነው። 2 በመቶ የሆነው ብርቱ ፈሳሽ ራስ ላይ አራት ሴንቲ ሜትር በአራት ሴንቲ ሜትር በሆነች ቦታ አንድ ጊዜ ይቀባል። ከዚያ ሁለት ሳምንት ያህል ምንም አይደረግም። ከውጭ ሲታይ ዝምታ ነው፤ ከቆዳው ሥር ግን ወሬ እየተላለፈ ነው። ዲፌንሲፕሮን እጅግ ትንሽ ሞለኪውል ስለሆነ የቆዳን የላይኛውን ግድግዳ ሾልኮ ያልፋል። ብቻውን ሆኖ ሰውነት ልብ የሚለው ነገር አይደለም። ከሰውነት የራሱ ፕሮቲን ላይ ሲጣበቅ ግን ያ ፕሮቲን የባዕድ መልክ ይይዛል። በቆዳ ውስጥ ዘብ የቆሙ፣ ቅርንጫፍ ያላቸው ሴሎች አሉ፤ በ1868 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) በርሊን ውስጥ ፖል ላንገርሃንስ የተባሉ ገና የሕክምና ተማሪ የነበሩ ሰው በወርቅ ክሎራይድ ቀለም አግኝተዋቸው የነርቭ ሴሎች መስለዋቸው ነበር። እነዚህ ዘቦች ባዕዱን ይዘው አንገት ላይ ወዳለው ንፍፊት ይወርዳሉ፤ እዚያ ያንን መልክ የሚያውቁት ቲ ሴሎች ተመርጠው ይበዛሉ። ሁለተኛ ጊዜ ሲቀባ የሚመጡት እነሱ ናቸው፤ የሚመጡትም በደቂቃ ሳይሆን በአንድና በሁለት ቀን ነው። ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ክንዱን ተወግቶ፣ ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በኋላ ተመልሶ እብጠቱን በማስመሪያ ያስለካ ሰው ይህን ዘገምተኛ ቁጣ በራሱ ቆዳ ላይ አይቶታል።

ይህን ነገር በሥርዓት ያሳዩት የደምን ዓይነቶች በማግኘታቸው በ1930 የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት ካርል ላንድስታይነር ናቸው። በ1935 ኒው ዮርክ፣ ሮክፌለር ተቋም ውስጥ ከጆን ጄከብስ ጋር ሆነው ዲኤንሲቢ የሚባል ተራ የፋብሪካ ኬሚካል ጊኒ ፒጎች ቆዳ ላይ እያደረጉ አለርጂውን እንደፈለጉ መፍጠር ቻሉ። በ1942 ደግሞ ከሜሪል ቼዝ ጋር፣ ይህ ቁጣ ከአንዱ እንስሳ ወደ ሌላው የሚተላለፈው በነጭ የደም ሴሎች እንጂ በደም ውኃ አለመሆኑን አሳዩ። በዚያ ዘመን ለማንም ታካሚ የሚሆን ነገር አልነበረም። ዛሬ ግን የነርሷ እጅ የሚንቀሳቀሰው በዚያ ሥራ ላይ ቆሞ ነው።

ስለ ሞለኪውሉ ትንሽ ልቆይ፤ እሱም የእጅ ሥራ ነው። የካርቦን አተም ከጎረቤቶቹ ጋር ሲያያዝ ሰፋ ብሎ መቀመጥ ይወዳል፤ በሁለቱ ክንዶቹ መካከል 109 ወይም 120 ዲግሪ ያህል ይፈልጋል። ዲፌንሲፕሮን ውስጥ ሦስት ካርቦኖች ሦስት ማዕዘን ሠርተው ተያይዘዋል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ክንዱን ወደ 60 ዲግሪ አጥፎ ለመቀመጥ ተገድዷል። ከልኩ በላይ የተለጠጠ ደጋን በሉት። በአንደኛው ጫፍ ኦክስጅን፣ በሁለቱ ጫፎች ደግሞ ሁለት የቤንዜን ቀለበቶች ተሰክተዋል። በተለመደው ሒሳብ እንዲህ ያለ ነገር ተሠርቶ ሳያልቅ መበጠስ ነበረበት። በ1931 ኤሪክ ሂክል የተባሉ ጀርመናዊ ግን በቀለበት ውስጥ የሚዞሩት ኤሌክትሮኖች ቁጥር ሁለት፣ ስድስት፣ አሥር እያለ ሲሄድ ቀለበቱ ያልተጠበቀ ጽናት እንደሚያገኝ በሒሳብ አሳይተው ነበር። ኦክስጅኑ ወደ ራሱ ሲስብ በሦስት ማዕዘኑ ውስጥ ሁለት ኤሌክትሮን ይቀራል። ሁለቱ ይበቁታል።

ሒሳቡ እውነት መሆኑን በእጅ ሠርቶ ማየት የቀረው በ1959 ተፈጸመ። ኒው ዮርክ፣ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ፣ ሮናልድ ብሬስሎ የተባሉ የሃያ ስምንት ዓመት ኬሚስት ሞለኪውሉን ሠሩት፤ በዚያው ዓመት ሞስኮ ውስጥም ቮልፒንና ባልደረቦቻቸው ለየብቻቸው ሠርተውታል። ብሬስሎ የተወለዱት ሂክል ያን ሒሳብ ባወጡበት በ1931 መሆኑ አጋጣሚ ነው፤ እኔ ግን እንዲህ ያሉ አጋጣሚዎችን እወዳለሁ። ሁለቱም ወገኖች ስለ ጸጉር አላሰቡም። የተሠራው የማይቻለው እንደሚቻል ለማሳየት ነበር። ነጭ፣ ደረቅ፣ 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ የሚቀልጥ ዱቄት ሆኖ ከሃያ ዓመት በላይ በኬሚስቶች መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ።

የተለጠጠው ደጋን ግን አንድ ድካም አለው፤ ብርሃን አይችልም። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያርፍበት ሦስት ማዕዘኑ ይበጠሳል፤ ኦክስጅኑ አንዱን ካርቦን ነጥቆ በካርቦን ሞኖክሳይድ ጋዝነት ይበራል፣ የቀሩት ሁለቱ ካርቦኖች በቀጥታ መስመር ይዘረጋሉ። የሚቀረው ነገር ቆዳን የማስቆጣት ኃይሉን ያጣ ነው። ቡናማው ጠርሙስ፣ የተዘጋው መጋረጃ፣ የሁለት ቀኑ ሻሽ፣ ሁሉም ለዚህ ነው።

ይህን ያወቅሁት በራሴ ጥፋት ነው። አንድ ሐሙስ ከክሊኒኩ ስንወጣ ብርቅ የሆነ ፀሐይ ወጥቶ ነበር። «ነይ እስቲ እዚህ ደጅ ቡና እንጠጣ» አልኳት። ሙቀቱ ሲበረታ ሻሿን ፈታች፤ እኔም አላስታወስኳትም። አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥን። በዚያ ሳምንት ራሷ ምንም አላሳከካትም፣ አልቀላምም። በሚቀጥለው ሐሙስ ሌላ ሰው ቢሆን፣ መጠኑ አልበቃትም ብሎ ወደሚቀጥለው ጠርሙስ ይሻገር ነበር። ነርሷ ግን እጃቸውን ከማንሣታቸው በፊት የት እንደዋለች፣ መቼ እንደታጠበች፣ ፀሐይ ነክቷት እንደሆነ አንድ በአንድ ጠየቁ። መልሱን ሲሰሙ እኔን አዩኝ። ያንኑ ጠርሙስ መልሰው አወጡ። ቢጨምሩ ኖሮ ያ ጭማሪ በሳምንቱ በደህና የተሸፈነ ራስ ላይ ያርፍና ውኃ ያስቋጥራት ነበር። ቅባቱ ሲያልቅ ሻሿን እሳቸው ራሳቸው አሰሩላት፤ እንደኛ ሴቶች አይሁን እንጂ አጥብቀው ነበር ያሰሩት።

ወደ ጠርሙሶቹ እንምጣ። ቁም ሳጥኑ ውስጥ ያሉት እንደ መሰላል ናቸው። ከላይ 2 በመቶ፣ ከዚያ 1፣ 0.5፣ 0.1፣ እያለ ወደ 0.001 እና ከዚያም በታች ይወርዳል። የአክስቴ ልጅ የጀመረችው በ0.001 ነው። ቁጥሩ ለዓይን ባዶ ስለሆነ በጤፍ ላስላው። አንድ የጤፍ ፍሬ 0.3 ሚሊግራም ያህል ይመዝናል። በአንድ ሊትር አሴቶን ውስጥ የሠላሳ ጤፍ ፍሬ ክብደት ያህል ዱቄት ብታሟሙ፣ 0.001 በመቶ ማለት እሱ ነው። ከዚያ ሊትር አንድ ሚሊ ሊትር ብትወስዱ ውስጡ ያለው የአንዲት ጤፍ ሠላሳኛ እጅ ይሆናል። ያ ግን ሰውነቱ የተጣላው ሰው ራስ ላይ ሲያርፍ ሌሊት ያሳክካል። የመጀመሪያው ቀን ፈሳሽ ከዚህ ሁለት ሺህ እጥፍ ይበልጣል፤ ጠርሙስ የተሳሳተ ሰው ምን እንደሚያደርስ አስቡት።

እንዲህ ያለውን ትንሽ ነገር ማንም በሚዛን ሊመዝን አይችልም። የሆስፒታሉ ፋርማሲ የሚሠራው በደረጃ ነው፤ 2 ግራም ዱቄት በ100 ሚሊ ሊትር አሴቶን ያሟሟል፤ ከእሱ አንድ እጅ ወስዶ በ19 እጅ አሴቶን ያቀጥነውና 0.1 ያገኛል፤ ከዚያ በአሥር፣ እንደገና በአሥር። ላይኛው ደረጃ ላይ የተሠራ ስሕተት እስከ ታች ይወርዳል። የእኛ እናቶች ቅመም በዓይን ይሰፍራሉ፣ ልካቸውም አይስትም፤ እዚህ ግን ዓይን ምንም አይረዳም፤ ሁሉም ጠርሙሶች አንድ ዓይነት የጠራ ፈሳሽ ናቸው። በዚያ ላይ አሴቶን ተናኝ ነው። ክዳኑ ላልቶ የሰነበተ ጠርሙስ ፈሳሹ ይጎድላል፣ ዱቄቱ ግን አይጎድልም፤ ስለዚህ በላዩ ከተጻፈው ቁጥር ይልቅ ብርቱ ይሆናል። ነርሷ ጠርሙሱን ለመክደን የሚቸኩሉት ለንጽሕና ብቻ ይመስለኝ ነበር።

የጓንቱም ነገር እንዲሁ ነው። አሴቶን ስስ ጓንትን ቶሎ ያልፋል። ይህን ሥራ የሚሠሩ ነርሶችና ፋርማሲስቶች ሳያስቡት ራሳቸው ከኬሚካሉ ጋር ተጣልተው እጃቸው ችፌ ሲወጣበት ታይቷል። ላክ የሚባለውን የጃፓን ባህላዊ ቀለም የሚቀቡ ባለሙያዎችም ተመሳሳይ ዕጣ አላቸው፤ የላኩ ዛፍ ጭማቂ ውስጥ ያለው ኡሩሺዮል ብርቱ የቆዳ ጠላት ነው። ነርሷን እጃቸው ተቆጥቶ ያውቅ እንደሆነ በአክስቴ ልጅ በኩል ጠየቅኋቸው። ከፍ አድርገው አሳዩኝ፤ ንጹሕ ነው። ጠርሙሱን የሚይዙበትን አያያዝም አሳዩኝ፤ ጣቶቻቸው ወደ አፉ ቀርበው አያውቁም።

ለላሽ ይህን መንገድ የጠረጉት ሰው ጀርመናዊው ሩዶልፍ ሃፕለ ናቸው። ከእሳቸው ሥራ በፊት በሰባዎቹ ዓመታት ለዚሁ ጉዳይ የሚቀባው የላንድስታይነር ዲኤንሲቢ ነበር። ጸጉር ማብቀሉን አበቀለ፤ ነገር ግን በባክቴሪያ ላይ በሚደረግ ምርመራ ዘርን የሚለውጥ ሆኖ ስለተገኘ ሐኪሞች እየተዉት መጡ። ያም ቢሆን ታሪኩ በዚያ አላበቃም። በሰማንያዎቹ መጨረሻ ሳንፍራንሲስኮ ውስጥ፣ ኤድስ ጓደኛ እየነጠቃቸው የሚጠብቁት መድኃኒት ያጡ ሰዎች ዲኤንሲቢን በገዛ እጃቸው ቆዳቸው ላይ ይቀቡ ነበር፤ የመከላከያ አቅማችንን ያነቃልን ይሆናል ብለው። ኤችአይቪን እንደሚያክም አልተረጋገጠም። ሃፕለ ምትክ ሲፈልጉ መጀመሪያ ስኳሪክ አሲድ ከሚባለው የተሠራ ሌላ ኬሚካል ሞከሩ፤ በ1983 ደግሞ ከባልደረቦቻቸው ጋር የዲፌንሲፕሮንን ውጤት አሳተሙ። ብሬስሎ ለቲዎሪ የሠሩት ዱቄት ሰው ራስ ላይ ያረፈው እንዲህ ነው። ሃፕለ በኋላ የማርቡርግ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆኑ፤ ሂክልም ለብዙ ዓመታት ያስተማሩት እዚያው ማርቡርግ ነበር።

ዲፌንሲፕሮን በዚያ የባክቴሪያ ምርመራ ነጻ ወጥቷል። እዚህ ላይ ግን ማንም ታካሚ የማያየው አንድ የእጅ ሥራ አለ። ዱቄቱ ሲሠራ ከሚነሣባቸው ኬሚካሎች አንዱ፣ ብሮሚን የተጨመረበት ኬቶን፣ እሱ ራሱ ብርቱ የዘር ለዋጭ ነው። አጥርቶ ያልጨረሰ ፋብሪካ ያንን ርዝራዥ አብሮ ይልካል። ስለዚህ እያንዳንዱ አዲስ ዱቄት ጠርሙስ ከመግባቱ በፊት ንጽሕናው መመርመር አለበት። በኢንተርኔት የሚገዛ ዱቄት ይህን ማን እንዳደረገለት አይታወቅም።

ቁጣ እንዴት ጸጉር ያበቅላል? ላሽ ራሱ የጠብ ውጤት ነው። ቲ ሴሎች የጸጉርን ሥር ጠላት አድርገው ይከቡታል፤ በማይክሮስኮፕ ያዩት ሐኪሞች በንብ መንጋ ይመስሉታል። የጸጉሩ ሥር አይሞትም፤ እንደተደበቀ ይኖራል፤ ለዚህ ነው ላሽ ያረገፈው ጸጉር ከዓመታት በኋላም ሊመለስ የሚችለው። ሃፕለ የሰጡት ማብራሪያ፣ አዲሱ ጠብ አሮጌውን ጠብ ያደክመዋል፣ መንጋው ወደ ሌላ ይሳባል የሚል ነበር። ነገሩ ከዚያ የተወሳሰበ ነው፤ ቁጣውን የሚያበርዱ ምልክቶችም አብረው ይለቀቃሉ። ቢሆንም አሳቡ ውብ ነው። በደጃፍ የተነሣ ትንሽ ግርግር ጓዳ ውስጥ የገባውን ወራሪ ያስወጣል።

የአክስቴ ልጅ የጠላችው የግማሽ ራስ ሥራ ደግሞ ለእኔ የሁሉ ቁንጮ ነው። ላሽ ተንኮለኛ በሽታ ነው፤ ማንም ምንም ሳያደርግበት ጸጉሩ በራሱ ጊዜ ሊመለስ ይችላል፤ ስንቱ ቅቤና ስንቱ ቅጠል በዚህ የተነሣ ያልሠራውን ምስጋና ወስዷል። ራስ በሙሉ ተቀብቶ ጸጉር ቢወጣ ኬሚካሉ ይሁን ዕድል ማን ያውቃል? ግማሹ ብቻ ከተቀባና ግማሹ ብቻ ካበቀለ ግን ክርክር የለም። ከውጭ መቶ ሰው ሳይሰበሰብ፣ ያው ሰው በአንዱ ጎኑ ታካሚ በሌላው ጎኑ ምስክር ይሆናል። ይህን ያሰበ ሰው አንድ ሳንቲም ሳያወጣ ነው ያሰበው።

በአሥራ አንደኛው ሐሙስ ነርሷ መጋረጃውን ከመዝጋታቸው በፊት ወደ መስኮቱ ጠሩኝ። ጭንቅላቷን ወደ ብርሃኑ ዘንበል አደረጉት። በቀኝ በኩል ከቆዳው ላይ ከባዘቶ የሳሳ ነጭ ነገር ተነሥቶ ነበር። ከላሽ በኋላ የሚበቅለው የመጀመሪያው ጸጉር ብዙ ጊዜ ቀለም የለውም፤ ጥቁሩ ኋላ ይመጣል። ነጩ እስከ መሐል አናቷ መጥቶ እዚያ ቆሟል። ነርሷ በአየር ላይ ሲስቡት የነበረው መስመር አሁን በጸጉር ተጽፎ ታየ። ከግንባሯ ተነሥቶ እስከ ማጅራቷ፣ አንድ ጣት እንኳ አልተንጋደደም። የአክስቴ ልጅ በስልኳ አንስቼ ሳሳያት ለረጅም ጊዜ ዝም አለች፤ ከዚያ «መክፈሉንስ ችለውበታል» አለች። በሚቀጥለው ሳምንት ግራውም መቀባት ተጀመረ።

ሁሉም ሰው እንዲህ አይሆንም። በ2018 የቀደሙ 45 ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ሥራ እንዳገኘው፣ በዚህ ዓይነት ሕክምና ካለፉ ከሁለት ሺህ በላይ ሰዎች ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑት ጥቂትም ቢሆን ጸጉር አበቅለዋል፤ ሙሉ በሙሉ የተመለሰላቸው ግን አንድ ሦስተኛው ናቸው። ራሳቸው በሙሉ የተራቆተ ሰዎች ዕድል ከዚያ ያንሳል። ከተመለሰላቸውም ብዙዎቹ መልሰው ያጡታል። አንገት ላይ ንፍፊት ያብጣል። እንደኛ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ደግሞ የቀለም መዥጎርጎር ይብሳል፤ አልፎ አልፎም ለምጽ የሚመስል ነጭ ቦታ ይቀራል። የአክስቴ ልጅ ከቀኝ ጆሮዋ ኋላ አንዲት የነጣች ነጥብ አለቻት። እርጉዝ ሴት አትቀባውም።

ሕክምናው ከአርባ ዓመት በኋላም በብዙ አገር በሙከራ ስም የሚኖር ነው። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ አላጸደቀውም። እኔ እንደሚመስለኝ አሮጌና ርካሽ ዱቄት ስለሆነ ለማጽደቂያው ገንዘብ የሚያወጣ ኩባንያ አላገኘም። በ2022 ለከባድ ላሽ ባሪሲቲኒብ የሚባል በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን ጸድቋል፤ ሌሎችም ተከትለውታል፤ ዋጋቸው ግን የሚቀመስ አይደለም። ዲፌንሲፕሮንን በሌላ መንገድ የሚሞክሩትም አልጠፉም። አልጠፋ ያለ የቆዳ ኪንታሮት ላይ ይቀባል። ሲድኒ ውስጥ ዲያና ዴሚያንና ባልደረቦቻቸው ቆዳ ላይ የተበተነ ሜላኖማ ካንሰር ባለባቸው ሰዎች ላይ ቀብተውት፣ በ2014 ባወጡት ሥራ ከ50 ሰዎች ግማሽ በሚጠጉት ላይ የተቀቡት ዕጢዎች ሙሉ በሙሉ ጠፍተዋል። ቁጣን በልኩ መቀስቀስ ከጸጉር ያለፈ ሥራ ሊኖረው ይችላል ማለት ነው።

ላሽ ያለባችሁ ወይም ላሽ ያለበት ልጅ ያላችሁ፣ ይህን አንብባችሁ ዱቄቱን ከኢንተርኔት እንዳታስመጡ አደራ። የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ይህን ሕክምና የሚሰጥ ካገኛችሁ ጠርሙሱ ቡናማ መሆኑን እዩ፣ ክዳኑን እዩ። ጭንቅላታችሁን ለሁለት ሳይከፍል መቀባት ከጀመረም ለምን እንዳልከፈለው ጠይቁት።